ልጄን ለጠበቃው የሰጠሁበት ምክንያት

አማቼ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አሶሳ ውስጥ ጠበቃ ነበር። በለቅሶው ላይ ሰዎች እየተነሡ ችሎት ፊት እንዴት ይናገር እንደነበር፣ ማንን ከእስር እንዳስፈታ፣ የማንን መሬት እንዳስመለሰ አወሩ። እኔ ችሎት ላይ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያም ደስ አላሰኘኝም። የማውቀው የቤቱን ሰው ነው።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ ይገባ ነበር። የሱዳን ድንበር ላይ፣ ኩርሙክ ድረስ ለክርክር ሄዶ እንኳ በዚያ መንገድ አቧራ ለብሶ ይመለሳል እንጂ ካልቸገረው እዚያ አያድርም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ማንጎው ሥር አስቀምጦ ጥፍራቸውን ይቆርጣል። ሕፃን ካለቀሰ ኮቱን ሳያወልቅ አዝሎ ግቢው ውስጥ ይመላለሳል። አንድ ቀን እንዲያ ሆኖ አገኘሁትና ተቆጣሁ።

"ወንድ ልጅ አያዝልም፤ ያውም የሕግ ሰው!"

"አባባ፣ የሚከለክለውን አንቀጽ ያሳዩኝ" አለኝ፣ ሕፃኑን እያወዛወዘ።

ልጄ ከውስጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬም ቢሆን ወንድ ማዘል አለበት ብዬ አላምንም። ነገር ግን የእሱ ልጆች አባታቸው ሲመጣ ወደ በር ይሮጡ ነበር፤ የእኔዎቹ ድምፄን ሲሰሙ ይበተኑ ነበር። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

እንዴት እንደተዛመድን ልናገር። እኔ በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን በራሴ አነበብኩ። ከእርሻው ሌላ ወፍጮ ቤት አቁሜ ነበር። አንድ ዓመት የወፍጮው ዲናሞ ተሰረቀ። ሊመሽ ሲል አንድ ሰው በጋሪ ጭኖ ሲሄድ ከሩቅ አይቻለሁና፣ ቀድሞ እኔ ዘንድ ይሠራ የነበረ ሰው ነው ብዬ አመለከትኩ። ሰውየው ተከሰሰ። መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ምስክርነቴን ሰጥቼ ስጨርስ እሱ ተነሣ።

"አባት፣ ፊቱን አይተዋል?"

"ጀርባውን አይቻለሁ። አካሄዱንም አውቀዋለሁ።"

"ምለው ነው የቆሙት። 'እሱ ነው' ነው የሚሉት ወይስ 'እሱ ይመስለኛል'?"

ይህን የጠየቀኝ በትሕትና ነው። "ይመስለኛል" አልኩ።

ሰውየው በነፃ ተለቀቀ። ጎረቤቴ ከበር ውጭ ጠብቆ ያዘኝ። "አንተ ግትር! 'እሱ ነው' ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር?" አለኝ። ለዲናሞ ብዬ በሐሰት እንደማልመሰክር ነገርኩት። ቂሙን ግን ያዝኩ። ወጣቱ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣኝ ፊቴን አዞር ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ቤቴ ሽማግሌ መጣ። አንዱ ያው ጎረቤቴ ነው። ሌላው አሶሳ ገበያ ሱቅ ያላቸው የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣቱ የተከራየው እሳቸው ግቢ ነው። ልጄን ለጋብቻ ጠየቁ።

"የማን ልጅ ነው?" አልኩ።

"ጠበቃው ነው።"

"ዲናሞዬን ያስበላኝ?"

"አንተ ሰው!" አሉ ባለሱቁ። "'ይመስለኛል' ያለ ጠበቃ ነው ወይስ አንተ ነህ? ወላሂ፣ እኔም ዳኛ ብሆን እፈታዋለሁ!"

ጎረቤቴ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ግን ልጁ ራሱ ይምጣ አልኩ። ተልኮበት መጣና ከፊቴ ቆመ።

"አንድ ነገር ንገረኝ" አልኩት። "ፍርዱ አልፏል፤ መልሼ አልከስም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ሰውየው ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም? ንገረኝና ልጄን ውሰድ።"

ግንባሩ አላበው።

"አባት፣ ደንበኛዬ የነገረኝን ለማንም አልናገርም።"

"ልጄን ብከለክልህስ?"

"ቢከለክሉኝም አልችልም።"

"ኧረ አንድ ቃል ነው!" አለ ጎረቤቴ። "'አልሰረቀም' በልና ሚስትህን ይዘህ ሂድ!"

"ልጅቱ ይወደዋል፤ ይሄም ይወደዋል" አሉ ባለሱቁ፣ ወንድና ሴት በሚያቀላቅል አማርኛቸው። "ዲናሞ ምን አገባው?"

ሁሉንም አሰናበትኳቸው። ተመለሱ ብዬ ቀን አልቆረጥኩም።

ከሄዱ በኋላ ልጄን ጠራኋት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የጠራኋት ሐሳቧን ልጠይቃት ሳይሆን መከልከሌን ልነግራት ነው።

"አባትሽን ያከበረ ሰው እንዲህ አይመልስም" አልኩ።

"አባዬ፣ እኔም ጠይቄዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ያንኑ። አንተ እንደምትጠይቀው ስለማውቅ ቀድሜ ጠየቅሁት። እምቢ አለኝ። ተኳርፈን ሰንብተናል።"

"ታዲያ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እኔም የምነግረው ብዙ ነገር ይኖረኛላ" አለች።

መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ሰውም እመክራለሁ። ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ልጁ ከእኔ ምን እንደደበቀ ስቆጥር፣ እሷ የእሷንም ምስጢር እንደሚጠብቅላት አይታ ነበር። እሱን ያመነን ሰው ለሚስት ሲል አሳልፎ የሚሰጥ፣ ሚስቱንም ለሌላ ነገር አሳልፎ ይሰጣል። ቂሜ አልወጣልኝም፤ ልጁንም ያን ጊዜ አልወደድኩትም። የወደድኩት ቆይቶ ነው። ሰው የሚታመነው ግን ስለወደዱት አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት አሶሳ ገብቼ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሄድኩ። ስኳር እየመዘኑ ነበር።

"ተመልሳችሁ ኑ" አልኳቸው።

ሚዛኑን ትተው ቀና አሉ። "ጠበቃውንም ላምጣ?"

"እሱ ይቅር" አልኩ። "የምጠይቀው የለኝም።"