ወደ ሞሺ የሄደው ደብዳቤ

መምህር ዓለምነው ጀርመንኛ የለመዱት የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ረዳት ሆነው ሲሠሩ ነው። በ1959 ዓ.ም. እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ተመድበው ሲመጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ተማሪዎችን ሰብስበው ያስተምሩን ጀመር። ቋንቋው የጀርመኖች ብቻ አይደለም ይሉን ነበር። በታንዛኒያ፣ ሞሺ በምትባል ከተማ፣ ጀርመን አገሩን ትገዛ በነበረበት ዘመን በልጅነታቸው ጀርመንኛ ከተማሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ጋር ያጻጽፉን ነበር።

መንደሩ ግን አላመናቸውም። ሃይማኖት ሊያስለውጡን ነው የሚል ነበር፤ በሁዳዴ ምን እንደሚበሉ የሚሰልልም አልጠፋ። እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም፤ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ በር ዘግተው ብቻቸውን ያነቡት ነበር።

የሞሺው ሽማግሌ በአገራቸው ፈረስ በዝንብ በሽታ እንደሚያልቅ ጽፈው፣ ስለ አገው ፈረሶች ጠየቁን። ፈረሱንና ሜዳውን መጻፍ ለእኔ ደረሰኝ። ደጅ ለደጅ እየዞርኩ ያገኘሁትን ስቆጥር ወሬው ተሰማ። በዚያ ዓመት መሬት ለግብር ሊለካ ነው ይባል ነበርና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መምህሩን ከጻፍነው የመልስ ደብዳቤ ጋር አስጠሩ።

ያሳደጉኝ አጎቴ አያ በዛብህ፣ መምህሩ ራሱ ካነበበው ያሻውን ይላል ብለው ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ወደ አገውኛ እየመለስኩ አነበብኩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መምህሬን እንዳያባርሩ ፈርቼ ዘለልኩት።

መምህር ዓለምነው ቀና አሉ። «ልጅቷ አንድ ነገር ዘላለች። ለእኔ ብላ ነው» አሉና ራሳቸው አነበቡት፤ በመንደራችን አርባ ፈረስ አለ፣ የግጦሽ ሜዳችን በፈረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱላውን ጨበጠ።

«ስንት ፈረስ አልክ?» አሉ አያ በዛብህ።

«አርባ።»

«አርባ? የጎረቤታችን የአየነው ደጅ ብቻ ስድስት አለ! የሰው አገር ሰው ድሆች ናቸው እንዲለን ነው?»

ክርክሩ ወደ ቆጠራ ዞረ። በመጨረሻ ሰባ ሦስት ላይ ተስማሙ።

«ፈረሱ ይግባ» አሉ አጎቴ። «መሬቱ ይውጣ።»

መምህሩ የሜዳውን ነገር ሰረዙት። አጎቴ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና አሁንም ይታያል ብለው እንደገና አሰረዙት። ከዚያም ወረቀቱን አልመለሱላቸውም፤ በማግስቱ ፈረሳቸውን ጭነው ዳንግላ ፖስታ ቤት ድረስ ወሰዱት። ማኅተም እስኪመታበት ድረስም ከመስኮቱ አልተነሡም አሉ።

ትምህርቱ ቀጠለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አያ በዛብህ በክፍላችን በር ሥር በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ፤ አንድም ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።