ልክ የሆኑ ሦስት ማዕዘኖች

አናጢውን ሁሉም ሰው ቱምቢ ይለዋል፤ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥ ማለት በሚያይበት ባለ ክብደት ክር ስም። በዓይኑ ብቻ የበር መዝመም ስለሚለይ ነው። አርባ ዓመት ተከብሮበታል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም ተኮፍሶበታል።

አንድ ጠዋት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል አገኘ። ሦስት ወፋፍራም ሞራሌዎች በቀጥተኛ ማዕዘን እየተጋጠሙ ባለ ሦስት ጎን ሠርተዋል። የሒሳብ አስተማሪዋ ልጁ ለተማሪዎቿ ስላ የረሳችው ነበር። እሱ ግን የደንበኛ ትእዛዝ መሰለው፤ ቱምቢ ደግሞ ከተሰጠው ሥዕል ወጥቶ አያውቅም።

አንደኛው ማዕዘን ገጠመ። ሁለተኛውም ገጠመ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ሄዶ አረፈው። ማዕዘኑን በስኳድራ ለካ፤ ልክ ነው። ፈታ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ። በሦስተኛው ቀን ፍርሃት ገባው። «ዓይኔ ከዳኝ» አላት ሚስቱን፤ «ለመጋዙም ለመላጊያውም ገዢ ፈልጊ።»

ልጁ መጥታ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሊሠራ የማይችል ነገር ነው!»

«ተስሎ የለም እንዴ?»

«ወረቀት ምን ገዶት! የባለ ሦስት ጎን ማዕዘኖች ቢደመሩ መቶ ሰማንያ ናቸው። እዚህ ሦስት ዘጠና አለ።»

«እሺ፣ ስህተቱ የትኛው ማዕዘን ላይ ነው?»

«አንዱም ላይ የለም። ለየብቻ ሁሉም ልክ ናቸው፤ አብረው ነው የማይሆኑት።»

ቱምቢ ዞረበት። ልክ ከልክ ጋር ተደምሮ ስህተት የሚሆነው በየት አገር ነው? ግራ ቢጋባም እፎይ አለ፤ ዓይኑ አልከዳውም ማለት ነው።

እሷም ያልገጠመውን ሥራ ወዲያ ወዲህ አዙራ አስተካከለችና አባቷን ፊት ለፊቱ አቆመችው።

«ከዚህ ቦታ ሲታይ ጫፎቹ ተደራርበው የገጠሙ ይመስላሉ። በሁለት ዓይን ግን ክፍተቱ ስለሚታወቅ አንዱን ጨፍን።»

«ምን መጨፈን ያስፈልጋል? ይኸው ገጥሟል!» አለ ቱምቢ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን አፍጥጦ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ልጁ አልሳቀችም። አናጢ የእንጨት ቀጥ ማለት የሚያየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ አባቷ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨፍነው ግራውን ነው። ቀስ ብላ ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዓይኔን ሸፈንሽብኝ፣ ምን ይታየኛል?»

«አንዱን ብቻ ነው የሸፈንኩት፣ አባዬ።»