ሩዝ ስናርም የሰማኋቸው ሁለት ሴቶች

ሕመሜ የጀመረኝ በነሐሴ፣ ቁሐር ሚካኤል ባለው ማሳችን ሩዝ ስናርም ነው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «አሁን ጎንበስ አለች። አሁን አረሙን ነቀለች።» ዞር ብዬ ባይ ከባለቤቴ እህት ከአለምነሽ በቀር ሰው የለም። እሷም አፏን አልከፈተችም።

ለማንም አልተናገርሁም። ሴቶቹ ግን ቤቴ ድረስ ተከተሉኝ። እንጀራ ስቆርስ «ቆረሰች»፣ ልጄን ሳቅፍ «አቀፈች» ይላሉ። በጥር ደግሞ «ባልሽ ምግብሽ ላይ መርዝ አድርጎበታል» አሉኝ። አመንኋቸው። ከእጁ ውሃ እንኳ መቀበል ተውሁ። ሁኔታዬን ያዩ ቤተሰቦቼ ጠበል ወሰዱኝ፤ ብዙ ቀን ተጠመቅሁ። ሴቶቹ ግን አልሄዱም።

ዓመቱ ዞሮ ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት «ልጅሽንም ሊመርዛት ነው» አሉኝ።

ልጄን አዘልሁ። ወጣሁ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። ገባሁበት። ጉልበቴ ደረሰ። ወገቤ ደረሰ። ልጄ አለቀሰች። አለምነሽ ደረሰችብኝ። አልጎተተችኝም።

«ማን ነው የሚያባርርሽ?» አለችኝ።

ነገርኋት።

«እኔ አይሰማኝም። አንቺ ግን እንደምትሰሚ አምናለሁ። ልጅቱን ስጪኝና አብረን እንውጣ።»

ሰጠኋት።

የዚያኑ ቀን ወረታ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ ወባም ታይፎይድም አለመሆኑን ካየ በኋላ «ድምፆቹ ምን ይሉሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርሁት። «ስኪዞፍሬኒያ ይባላል፤ የአእምሮ ሕመም ነው። አንቺ ያመጣሽው አይደለም። ይታከማል» አለኝ።

ያዘዘልኝን መድኃኒት፣ ሪስፐሪዶንን፣ ስጀምር እንቅልፍ ጣለኝ፣ ሰውነቴም ወፈረ፤ አጨዳ ሲደርስ «ድኛለሁ» ብዬ ብተወው ሴቶቹ በሳምንታት ውስጥ ተመለሱ፣ እኔም ወደ መድኃኒቴ ተመለስሁ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሲጠፉ፣ ማፈሬን ትቼ ልናገር፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። ዛሬም ባለቤቴ ምግብ ሲያቀርብልኝ ዓይኔ ሳላዘው እጁን ያያል። እሱም ያውቃል፤ ከምግቡ ቀድሞኝ ይጎርሳል። እግዜር ይስጠው።

ድምፅ የምትሰሙ ወገኖቼ፣ እንደኔ ዓመት ሙሉ አትደብቁ፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሲሻላችሁም ሐኪሙን ሳትጠይቁ መድኃኒቱን አትተዉ። አስታማሚዎችም «ምንም የለም» ብላችሁ አትከራከሩ። አለምነሽ ያን ጠዋት እንዲያ ብላኝ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን እንዳዘልሁ ወደ ጥልቁ እገባ ነበር።