ዋልካው የበላው አምባር

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት ተማሪዬ ቅድስት የተሰነጠቀ ጭቃዋን ታቅፋ፣ «እትዬ፣ ብሩ ፈሰሰብኝ!» እያለች ስትመጣ ያ ዕድሜዬ ከነንዴቱ ተመለሰብኝ። ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «ሰሙን በዚህ ጥቁር ዋልካ አትለስኚ» ብያታለሁ። «እሺ» ብላ ሄዳ በዋልካ ለሰነችው!

እኔን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም፣ ከጎንደር ወርደው መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ የሰፈሩ አንጥረኛ። እጃቸው የተባረከ፣ አፋቸው የተቆለፈ። ሰሙን በስንጥር እየቀረጹ መስቀል ያደርጉታል፤ ከጎንደር በማዳበሪያ በሚያመጡት ቀይ አፈር ይለስኑታል፤ ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ አጋድመው ሰሙን አቅልጠው ያፈሱታል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብር ይሞሉበታል። ጭቃው ሲሰበር መስቀሉ ብቅ ይላል። እንዲህ ሲወራ ቀላል ነው። እኔ ግን ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ወናፍ ነፋሁ። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ዓይን የለሽም? እዪ!»

ሚያዝያ ነበር። የመተማን ሚያዝያ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰም እጅ ላይ እንደ ቅቤ ይልመጠመጣል። ታላቅ እህቴ እሑድ ልታገባ ነው። እናቴ ከእናቷ የወረሰችውን የብር አምባር ከእጇ አውልቃ፣ «ለእህትሽ አንገት መስቀል አድርጊላት። አንቺ ነሽ የምትሠሪው፤ ወንድሜ እንዳይነካው» አለችኝ። ምድር አልበቃኝ አለ።

ታዲያ ቀዩ አፈር አልቆ ቆየኝ።

«ጋሼ፣ በዋልካ ልሥራው?»

«አይሆንም። ከሰርጉ በኋላ ከጎንደር አመጣለሁ።»

«ለምን አይሆንም?»

«አይሆንም አልኩሽ!» ብለው ኮኪት ገበያ ሄዱ።

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል አፈር ለአንዲት መስቀል እንዴት እምቢ ይላል? ጎህ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሰሙን ከዚሩ፣ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ በቀዳሁት ቀዝቃዛ ውሃ እየነከርኩ ቀረጽኩ። በጥቁሩ ጭቃ ለስኜ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ረፋዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁ። እርጥብ ጭቃ መረግኩባቸውና ያየሁትን እንዳላየሁ ሆንኩ።

የእናቴን አምባር አቅልጬ ሳፈስ ጭቃው «ጧ!» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ወደ ኋላ ዘለልኩ። ብሩ በአመዱና በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። በእጄ የቀረው አንድ የመስቀል ክንድ ብቻ ነበር።

አጎቴ ከኮኪት ሲመለሱ ስብርባሪውን በጫማቸው ጫፍ ገለበጡት። «አየሽ?» አሉኝ።

«ምኑን ነው የማየው? አይነግሩኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

እህቴ ባዶ ማተብ አድርጋ ተዳረች። እንግዶቹን ከርከዴ ሳጠጣ ዓይኔ ከእናቴ እጅ አልነቀል አለ፤ አምባሩ የነበረበት ቦታ ገና ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። እሷ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። እሱ ይብሳል።

ምክንያቱን ራሴ ደረስኩበት፤ ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ማሳው ላይ የልጅ እግር የሚውጠውን ስንጥቅ ዕድሜዬን ሙሉ ዘልዬ አልፌው የለ! ስለዚህ እኔ አስተማሪ ስሆን ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ማልኩ። ይኸው ተናገርኩ። ቅድስት ምን አለችኝ? «ያኔ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ።» አለመናገሩም አልሠራ፣ መናገሩም አልሠራ። ሰው የገዛ ብሩን መሬት ካላስበላ አይማርም ማለት ነው? እኔንጃ። ተቆጥቼ ወደ ቤቷ ሰደድኳት፤ አሁን ደግሞ ቆጨኝ።

ያኔ አጎቴ ከሰርጉ ማግስት ጎንደር ሄደው ሁለት ማዳበሪያ ቀይ አፈር ይዘው ተመለሱ። ብሩ የፈሰሰበትን መሬት ቆፍረው፣ አፈሩን በሳፋ እያጠቡ ሦስት ቀን ፍንጣሪውን ለቀሙ። የለቀሙትን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ እኔ ሁለት ዓመት ወናፍ ስነፋ በተቀመጥኩባት ዱካ ላይ ተቀምጠው ወናፉን ያዙ።