ሰባተኛው ችካል

አንዲት ወጣት ልጅ ከሰበታ ተዛውራ ሱሉልታ ወዳለው የመሬት ልኬት ቢሯችን ስትመጣ ከአንድ ላፕቶፕና ከውሃ መያዣዋ በቀር ምንም አልያዘችም። እኔ በቀያሽነት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከችካል ወደ ችካል እየዞርን ማዕዘንና ርቀት እንለካለን፤ ዞረን ዞረን መነሻችን ላይ ስንደርስ ሒሳቡ ከገጠመ «ተዘጋ» እንላለን፤ ከዚያ የመሬቱ ስፋት ይወጣል። ይህን በካልኩሌተርና በእርሳስ ስሠራው ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ሲዘጋልኝ ደግሞ ቢሮው ሁሉ ይሰማል፤ ዝም ብሎ መዝጋት አልችልበትም።

እሷ በኤክሴል ሠራችው። ቁጥሩን ከደብተሬ እያየች መታች፣ መታች፣ ተዘጋ። ሻይዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። «ለጋሼ ስጡት» ይል የነበረው አለቃችን «ለእሷ ስጧት» ማለት ጀመረ። ሒሳብ የጠፋበት ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እሷ ጠረጴዛ ይሄዳል። የእኔ ሥራ መስክ ወጥቶ ቁጥር ማምጣት ብቻ ሆነ። ማታ ቡራዩ ወዳለው ቤቴ በሚኒባስ ስመለስ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ትሳሳት።

ተሳሳተች።

ረግረጉ ዳር ያለ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ መሬት ነበር። የለካሁት እኔው ነኝ። አንድ ልማድ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ጫማ ላለመዋል ስል ጭቃ ውስጥ ያለውን ማዕዘን መጨረሻ ላይ ነው የምለካው። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ችካል መካከል ያለው ማዕዘን ደብተሬ ላይ ሰባተኛ ሆኖ ተጻፈ። በእጄ ሳሰላ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ብዬ ግን ጽፌው አላውቅም። እሷ ከአንድ እስከ ሰባት በተራ አስገባችው። ወሰኑ መሬቱን መሃል ለመሃል አቋርጦ ሄደ፤ ስፋቱም አነሰ። የጭቃው ማዕዘን ከጎን ብቻ ስለሚለካ መዝጊያው ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ዙሪያው በቀሩት ስድስት ችካሎች ተዘግቶ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

እኔ ግን ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ቁጥሩን እንዳየሁ ገባኝ። ዝም አልኩ። ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። ሽማግሌው ይጮሃሉ፣ እሷ ታፍራለች፣ እኔ ካልኩሌተሬን ከመሳቢያ አወጣለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌው ለይዞታ ማረጋገጫቸው ሊፈርሙ መጡ። «አካም ቡልተን» ብለው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡን። ስፋቱ ሲነበብላቸው አልጮሁም። ትንሽ አሰቡና፣

«የኔ መሬት በአንድ ጥማድ በሬ አራት ቀን ነው የሚታረሰው፤ የጎረቤቴ ሦስት። ባለፈው የለካችሁለት የሱ መሬት እንዴት ከኔ በለጠ?» አሉ።

ልጅቷ ደነገጠች። ቀመሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሁሉም ልክ ናቸው። «ዙሪያው እኮ ተዘግቷል፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ሜዳው ላይ የነበርከው አንተ ነህ። ጭቃዬ ውስጥ ስትገባ አይቼሃለሁ። ዱጋውን፣ እውነቱን ንገረኝ። ልክ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ያወጣው ነው፣ ኦቦ» አልኩ።

«ኮምፒውተሩን አላውቀውም። የማውቀው አንተን ነው። አንተ ዝም ካልክ ልክ ነው ማለት ነው።» አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ።

ጣታቸውን አየሁት። ጥፍራቸው ሥር የዚያው መሬት አፈር ነበረ። ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይቆዩ» አልኩ። «ሰባተኛው ማዕዘን ቦታው በሁለትና በሦስት መሃል ነው።»

ልጅቷ ረድፉን ቆርጣ ወደ ላይ ለጠፈችው። ስፋቱ ከፍ አለ፤ ወረቀቱም እንደገና ታተመ። ሽማግሌው «እንዲህ ነዋ!» ብለው ፈረሙና መርቀውን ወጡ።

የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጅቷ ብድግ ብላ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ጋሼ፣ በአንድ እይታ እንዴት አወቁት? እኔ እኮ ቀመሩን ሁሉ ፈትሼ አጣሁት!» አለች። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ነባር ነባር ነው» አለ። ስንት ወር የናፈቀኝ ቃል! የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ጥፋቱም፣ ዝምታውም የእኔ ሆኖ ምስጋናውን ተቀበልኩ። «ቀድሜ አይቼዋለሁ» ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ኤክሴሏ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፤ ማዕዘኖቹ ወሰኑን ተከትለው በየትኛው ተራ እንደሚመጡ የሚሞላበት። ከላዩ «የጋሼ ተራ» ብላ ጻፈችበት። ፋይሉን ሰበታና ቡራዩ ላሉት ጓደኞቿም ላከችላቸው።

አሁን ከመስክ ስመለስ ዓምዱን የምሞላው እኔ ነኝ። ሰው ወረፋ ይዞ እየጠበቀ፣ አለቃችን «ቶሎ በይ» እያላት እንኳ እሺ አትልም። «ጋሼ ሳያዩት አላትምም» ትላለች።