ከበርበሬው ጀርባ የተቀመጠች ቀንበጥ

ፍሪዘር በከፈትኩ ቁጥር ያ ቀዝቃዛ የበርበሬ ሽታ መጥቶ ወደ አሥር ዓመቴ ይመልሰኛል። የሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማችን ፍሪዘር ከአገር ቤት በተላከ በርበሬና ሽሮ የተጠቀጠቀ ስለነበር፣ አይስክሬሙ እንኳ ያቃጥል ነበር።

እናቴ ሄርንደን፣ ኤርፖርት ውስጥ ስለምትሠራ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ሶፋውን ወደ በረንዳው መስታወት አዙሬ፣ ቅርንጫፉን በረንዳችን ላይ የጣለውን ባለ ቀይ ፍሬ ዛፍ እያየሁ እጠብቃት ነበር። ቅጠሉ በሚረግፍበት ወራት ወፎች መጥተው ፍሬውን ሲለቅሙ እቆጥራቸው ነበር። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ።

ብርዱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእናቴ ሥራ ስለማይዘጋ ቀድማ ወጥታ ነበር። ደውላ፣ «መንገዱ አይስ ነው፣ እንዳትወጪ። ምሳሽን ማይክሮዌቭ አድርጊ፣ ብሬክ ሳገኝ ኮል አደርግልሻለሁ» አለችኝ።

ሌሊት የወረደው ዝናብ በነካው ሁሉ ላይ ረግቶ፣ ቀንበጡም፣ ፍሬውም፣ የበረንዳው ብረት ሳይቀር እንደ ብርጭቆ የጠራ በረዶ ለብሶ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ዛፉ በሙሉ በራ፤ ነፋስ ሲነካው ቅርንጫፎቹ እየተጋጩ እንደሚታጠቡ ስኒዎች ይንቃጨሉ ነበር። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ከፍቶኝ አያውቅም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻውን ስላየ ሰው ግን ማንም የነገረኝ አልነበረም። እናቴ እንድታየው ብዬ ፍሬ ያለባትን አንዲት ቀንበጥ ከነበረዶዋ ሰብሬ፣ በእርጎ ዕቃ አድርጌ ከበርበሬው ጀርባ አስቀመጥኩላት።

ማታ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የዛፉ በረዶ ሟሙቶ አለቀ፤ ልነግራት አፌን ስከፍት «እሺ ሃኒ፣ ነገ» አለችኝ። አኩርፌ ተውኩት።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲል፣ ለፋሲካው ሥጋና ቅቤ ቦታ ልታስለቅቅ ፍሪዘሩን ስታራግፍ ቀንበጧን አገኘቻት። «ይሄ እንጨት ከየት መጣ?» ብላ ሲንኩ ውስጥ ወረወረችው። «እኔ እንጃ» አልኩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

አሁን እኔ በመኪና ግማሽ ሰዓት በምትርቀው አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ፤ እናቴ ጡረታ ወጥታ እዚያው አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ናት። ባለፈው ጥር ደውላ፣ «ዛፉ በረዶ ለብሷል፣ ነይና እዪው» አለችኝ።

«ሚቲንግ ላይ ነኝ እማዬ፣ ፎቶ ላኪልኝ።»

ፎቶ አልላከችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ፣ ምሳ ስንሠራ በርበሬ ላወጣ ፍሪዘሩን ስከፍት ከጀርባ አንድ የእርጎ ዕቃ አገኘሁ፤ ውስጡ ፍሬ ያለባት ቀንበጥ ከነበረዶዋ ተኝታለች።

«በፎቶ አያምርም ብዬ ነው» አለች፣ ከሽንኩርቱ ላይ ቀና ሳትል።

አፈርኩ። ቀንበጧን ወደ በረንዳው መስታወት ወስጄ አየኋት። ፍሪዘር ውስጥ የቆየ በረዶ ይደበዝዛል፤ ዛፉ ላይ የነበረው ብርሃን የለውም፣ የሚሸተውም በርበሬ በርበሬ ነው። ያን ጊዜ ሶፋውን ወደ በረንዳው አዙሬ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ዘወር ስል ሶፋው ዛሬም ወደዚያው ዞሯል፤ የምትቀመጥበት ግን እሷ ናት።