አገር ያሳቀው መጽሐፍ

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ባለው የሀጂ አብዱራህማን ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስትዘመዝም ዕድሜዋን ያጋመሰች ሴት ናት። መስከረም በጠባ ቁጥር ተማሪው ለብሶት የሚወጣው ዩኒፎርም ገሚሱ በእሷ ጣት ያለፈ ነው። በዚያ ላይ አንባቢ ናት። ምሳ ተበልቶ የስፌት መኪናዎቹ ጸጥ ሲሉ፣ ወንበሯን ወደ በሩ ሳብ አድርጋ ለባልደረቦቿ ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች። የሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ፣ የኮረዳዋን በኮረዳ ድምፅ ነው። የሀጂ ባለቤት ረሺዳ እንኳ ከሱቋ ብቅ ትልና በሩን ተደግፋ ታዳምጣለች። ከሥራነሽ ጋር የዋለ ሳቅ አያጣም ይላሉ።

ለምን ሳታገባ እንደቀረች ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አገሯ ቁይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ፍቅረ ሥላሴ ለሚባል ዲያቆን ታጨች። ልጁ ድምፀ መልካም ነበር፤ ሲቀድስ ለመስማት ብላ ከቤት ማልዳ ትወጣ ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ ሳለ ማሽላ ሊያጭድ ዓባይ በረሃ ወረደና ወባ ይዞት ተመለሰ። ሳምንት አልቆየም። ለሠርግ የተጠነሰሰው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ። ዓመት ቆይቶ ሌላ ሰው ሽማግሌ ላከ። እሱም ጥሎሽ ሊገዛ ሲሄድ በቅሎው ጥላው እግሩ ቢሰበር፣ «የልጅቱ ነገር ደስ አላለኝም» ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ባንድ አፍ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። የወደዳትን ሴት ለሰው አልሰጥም የሚል፣ ያጫትን ሁሉ የሚገድል ወይም የሚያባርር ቀናተኛ መንፈስ ተጠግቷታል ማለት ነው።

እናቷ ደብረ ወርቅ አጠገብ ካለ ጠበል ወሰደቻት። ሌሎቹ ሴቶች ጠበሉ ሲነካቸው መንፈሱ ባፋቸው «ወድጃት ነው! አልለቃትም!» እያለ ይለፈልፋል። የሥራነሽ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷ በብርድ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልጮኸችም። አጥማቂው አባት ጥቂት አሰብ አደረጉና «ይሄ ዝምተኛ ነው፤ እንዲህ ያለው ይብሳል» አሉ። «ምናልባት ከነጭራሹ የለ ይሆናል» የሚል አንድ ሰው ቁይ ውስጥ ጠፋ። ሥራነሽም ራሷ አላለችም፤ ያቺ ለጋ ልጅ እናቷንና ቄሱን ትታ ማንን ትመን?

እናቷ ስታርፍ ደብረ ማርቆስ መጣች፤ ሃያ ዓመት አለፈ። ከዝምተኛው ጋርም መኖር ለመደች። ክሩ ባንድ ጊዜ መርፌ ሲገባላት «ተባረክ» ትለዋለች፤ ወጡ ሲያርባት «ምናለ ብታስታውሰኝ!» ብላ ትቆጣዋለች። አምርራ ትፈራዋለች፤ ያም ሆኖ ቤት ገብታ በሯን ስትዘጋ ጭራሽ ብቻዋን ያለች አይመስላትም። አያድርስ ነው።

በሚሊኒየሙ ዓመት መምህር እንዳላማው ኮቱን ሊያስጠግን ስፌት ቤት መምጣት አበዛ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ዛሬ የተተከለለት ቁልፍ በሳምንቱ ተበጥሶ ይመጣል።

«ይሄ ሰውዬ ቁልፉን ቤቱ ቁጭ ብሎ እየበጠሰ ነው መሰለኝ» አለች ወለተ ኪዳን፣ የስፌት ባልደረባዋ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ሥራነሽ ግን ፊቷ ቀላ።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ መምህሩ ረሺዳን አማላጅ ልኮ የምሩን ጠየቀ። ከፋሲካ በኋላ መልሷን ትንገረኝ አለ። ሥራነሽ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ መልሶ አስደነገጣት። ወድዳዋለች። ፍቅረ ሥላሴንም ወድዳው ነበር እኮ! እሺ ብትል ልትቀብረው ሆነ፤ እምቢ ብትል ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በሯን ዳግመኛ አያንኳኳም።

መጽሐፉ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። መጽሐፍ አከራዩ አንሙት «ሚዜው ጥላዬ» የሚል አዲስ ልብ ወለድ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ኖሮ፣

«እትዬ ሥራነሽ፣ ይቺን እንዳያመልጥሽ። ዓይነ ጥላ ስላለባት ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ተላቃ ታገባለች» አላት።

ተላቃ ታገባለች! ሥራነሽ ልቧ ተሰቀለ። እንዴት ነው የተላቀቀችው? ይህን ያህል ወረቀት የጻፈ ሰው መቼም የደረሰባትን አንዷን ጠይቆ ነው። ጸሎቱን ወይም የጠበሉን ቦታ ሳይነግር አይቀርም። መጽሐፉን በነጠላዋ ሸፍና ቤቷ ይዛው ልትሄድ ነበር፤ ረሺዳ አየችባት።

«አዲስ መጽሐፍ! ደግሞ ልትደብቂን?»

ሴቶቹ ከበቧት። ከማንበብ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?

መጽሐፉ ቀልድ ነው። ጥላዬ የሚባለው ዓይነ ጥላ ሱፍ ለባሽ፣ ሽቶ የሚነሰንስ፣ ኩርፊያ የሚወድ ጉደኛ ነው። የመጀመሪያውን እጩ ሽማግሌዎች ፊት ሱሪውን አስወለቀው። ሁለተኛው ደግሞ «ልጅዎን ለጋብቻ» ሊል አፉን ሲከፍት እንደ ፍየል አስጮኸው። ልጅቱ ለመጣው ሁሉ «የምሬን ነው፣ ዓይነ ጥላ አለብኝ» ስትል፣ ጥላዬ ከኋላዋ ሆኖ «የምሯን ነው!» እያለ ይቀበላታል። ስፌት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወለተ ኪዳን ሆዷን ይዛ ጨርቁ ላይ ተዘረረች። ሥራነሽም ፍየሉን በፍየል ድምፅ፣ ጥላዬን በጥላዬ ድምፅ አነበበችላቸው። እንዲህ ጥሩ አንብባ አታውቅም አሉ። እሷ ግን ፍየሉን ስታስመስል ጆሮዋ ላይ የሚጮኸው ፍቅረ ሥላሴ ብርድ ልብስ ተደራርቦለት ጥርሱ ሲንገጫገጭ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይሞትም። እናት አታለቅስም፤ ጠበል የሚሄድም የለም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ቤቷ ወስዳ ብቻዋን ጨረሰችው። ጥላዬ እንዴት ለቀቀ? ሰለቸው! ከብጤዎቹ አንዷን ወደደና ልጅቱን እጇን ይዞ ዳራት፤ በሠርጓም ዕለት ለባሏ ሚዜ ሆኖ ሲጨፍር አመሸ። አለቀ። ሥራነሽ የዘለለችው ገጽ ያለ መስሏት ወደ ኋላ ገለጠች፤ የዘለለችው አልነበረም። መጀመሪያ በጸሐፊው ተናደደች፤ ቀጥሎ ከልብ ወለድ መድኃኒት በመፈለጓ በራሷ አፈረች። ከሁሉ የባሰው ግን መከፋቷ ነው። ይህን ነገር የሚያውቅላት አንድ ሰው በዓለም ላይ ያገኘች መስሏት ነበርና አለቀሰች።

ካለቀሰች በኋላ ግን ቆረጠች። መጽሐፉ መላ ካልሆነኝ ለራሱ ለመምህሩ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ አውቆ ይግባበት ወይም አውቆ ይተወው አለች።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ስፌት ቤቱ ሊዘጋ ሲል መምህሩ መጣ። ኮቱ ዛሬ ምንም አልጎደለውም። ረሺዳ አንድ ሰበብ ፈጥራ ሴቶቹን ይዛ ወጣችላቸው፤ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ።

«መምህር፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ልንገርዎት» አለችው።

«ንገሪኝ።»

«ዓይነ ጥላ አለብኝ።»

መምህሩ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና በሳቅ ፈነዳ። ለካ እሱም አንብቦታል! ለካ መምህራኑ ክፍል ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞር የከረመው ይኸው መጽሐፍ ነው።

«እኔን! አንቺንም ጥላዬ ያዘሽ?» አላት እንባውን እየጠረገ። «ግድ የለም፤ ሚዜ የሚሆነኝ ሰው ቸግሮኝ ነበር፣ እሱን አደርገዋለሁ!»

ሳቁ ንጹሕ የደስታ ሳቅ ነበር። ምስኪን፣ እሺታዋን በቀልድ ጠቅልላ የሰጠችው መስሎታል።

«የምሬን ነው፣ መምህር» አለች።

«የምሯን ነው!» አለ እሱም ድምፁን እንደ ጥላዬ አድርጎ፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ።

ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ልጅ ነበር ልትለው ፈለገች። ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ግን ያን የሞተ ልጅ በዚህ ሁሉ ሳቅ መሃል እንዴት አድርጋ ትጥራው? ዋጠችው። ደጉ ሰው እጎኗ ቁጭ ብሎ ይስቃል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታያታል፤ ይህም ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲሞት ታያት።

«አይሆንም» አለችው። «አላገባዎትም።»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ይህም የቀልዱ ቀሪ መስሎት ጥቂት ጠበቀ። ፊቷን ሲያይ ነው የገባው።

«ለምን?»

«ነገርኩዎት እኮ።»

መምህሩ ከአግዳሚው ተነሳ። ፊቱ ደም መስሏል።

«ሥራነሽ፣ እኔ ሽበቴን ይዤ ነው የመጣሁት። አልፈልግህም ማለት ያባት ነው፤ አልቀየምሽም ነበር። ግን በልብ ወለድ ቀልድ ከምታሾፊብኝ እንዲሁ እምቢ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። ሥራነሽ ልትጠራው አፏን ከፈተች። ብትጠራው ግን የምትነግረው ሌላ እውነት የላትም፤ ያላት እውነት ያቺው አንዲት ቃል ናት፤ በዚያች ቃል ደግሞ አገር ሁሉ ሲስቅባት ሰንብቷል።